«ልጄ ሃይማኖቱን በትምህርት ቤት ቢማር ምን ክፋት አለው?»

ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የደረሰኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«በመንግሥት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል የሚማር ወንድ ልጅ አለኝ። እኔ ቦሌ ለሚ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ሰርቪስ ሳይነጋ ይወስደኛል፤ ማታ ስገባ መሽቷል። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከጅቡቲ መንገድ ላይ አይጠፋም። ልጁን ሰፈር ነው የሚያሳድገው ማለት ይቻላል። ስድብ ለምዷል፣ ስልክ ከከለከልኩት ያኮርፋል፣ ቤተ ክርስቲያን ከሄደም ቆየ። በቅርቡ የግብረ ገብ መምህሩ ክፍሉን በሙሉ አስነሥቶ ‹አባታችን ሆይ› እንዳስባላቸው ሲነግረኝ በጣም ደስ አለኝ። የዚያን ዕለት ማታ ‹ካልጸለይን› ብሎ ራሱ ቀሰቀሰኝ። ከዚያ በኋላ በወላጆች ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና ‹ሃይማኖት እንደ ሌላው ትምህርት ክፍለ ጊዜ ተመድቦለት ይሰጥልን፣ ልጆቻችን ፈሪሃ እግዚአብሔር የላቸውም› አልኩ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። ርእሰ መምህሩ ‹ሕጉ አይፈቅድም› ብለው አለፉት። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። አንድ ፎቅ ላይ የምንኖር ሙስሊም ጎረቤት አለችኝ፤ ልጆቻችን አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። እኔ እስክገባ ልጄ እሷ ቤት ነበር የሚቆየው። አሁን ልጇን ለብቻው ትወስዳለች፤ ሰላም ስላት በአጭሩ ትመልስልኛለች። ምን አጠፋሁ? ሃይማኖት በመንግሥት ትምህርት ቤት ቢሰጥ ምን ክፋት አለው? እግዚአብሔርን ማወቅ ማንን ጎድቶ ያውቃል?»

እህቴ፣ ልጅሽ ሃይማኖቱን አውቆ እንዲያድግ መፈለግሽ ተገቢ ነው፤ በዚህ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምርልኝ ባልሽው ግን አልስማማም። የማልስማማውም ሃይማኖት ለልጅ አያስፈልግም ከሚሉት ወገን ሆኜ አይደለም። ጉዳዩ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ለማን አደራ እንደምትሰጪው እንድታስቢበት ስለምፈልግ ነው።

በመጀመሪያ ያ ዴስክ ላይ ስለተቀመጠው ሌላኛው ልጅ አስቢ። መምህሩ «ተነሡ» አለ፤ ሁሉም ተነሣ። ጸሎቱ ተጀመረ። የጎረቤትሽ ልጅ ያለው ምርጫ ሦስት ነው። አብሮ ቢል ቤቱ ያልተማረውን፣ የእሱ ያልሆነውን ጸሎት ይላል፤ ማታ ደግሞ የእናቱን ዓይን ማየት አለበት። ዝም ብሎ ቢቆም ክፍሉ በሙሉ ዝምታውን ያየዋል። ቢቀመጥ መምህሩን እንደናቀ ይቆጠራል። አሥር ዓመት የሞላው ወይ ያልሞላው ልጅ ከእነዚህ አንዱን በዚያች ቅጽበት፣ ያለ አማካሪ፣ በሚወደው ጓደኛው ፊት መምረጥ ነበረበት። ማንም አልመታውም፤ ማንም አልሰደበውም። እናቱ ግን ልጇ ክፍሉ ውስጥ እንግዳ እንደሆነ የተነገረው ያን ቀን እንደሆነ ታውቃለች። ከዚያ አንቺ በስብሰባው ላይ ይኸው ነገር ቋሚ ይሁን ስትዪ ሰማችሽ። የምታምንሽ ጎረቤቷ መሆንሽ ደግሞ ሕመሙን ያከብደዋል።

የአንቺም ልጅ ያን ዕለት ከጸሎቱ ሌላ የተማረው ነገር አለ። ክፍሉ የእሱ እንደሆነና ጓደኛው በፈቃድ የገባ እንደሆነ ተምሯል። ይህን ማንም በቃል አላስተማረውም። ልጆች የሚማሩት ግን በአብዛኛው በቃል ካልተነገራቸው ነገር ነው።

እስቲ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ባለቤትሽ ሥራ አግኝቶ ቤተሰቡ ወደ ጅግጅጋ ቢዛወርስ? በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በሶማሌ ክልል ከመቶ ሰው 98ቱ ሙስሊም ነው። እዚያ አንድ ደግ መምህር፣ ልክ እንደ አራብሳው መምህር ለልጆቹ ከልቡ አስቦ፣ ክፍሉን አስነሥቶ የቁርኣን መክፈቻ የሆነውን ፋቲሃ ቢያስቀራ ልጅሽ ምን ያድርግ? ጋምቤላ ብትሄዱ ደግሞ በዚያው ቆጠራ 70 በመቶው ፕሮቴስታንት ነው። አዲስ አበባ ላይ ኦርቶዶክሱ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ስብሰባው አጨበጨበልሽ፤ ሌላ ቦታ ቢሆን የሚጨበጨበው ለሌላ ሰው ነበር። በአገር ደረጃ ስንቆጥር ኦርቶዶክስ 43.5፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት 18.6 በመቶ ነው የተመዘገበው፤ ከግማሽ በላይ የሆነ የለም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ከአራብሳ እስከ ጅግጅጋ አንድ ሕግ ነው የሚገዛው። ዛሬ እዚህ የምትጠይቂው መብት ነገ እዚያ በልጅሽ ላይ ይሠራል።

ርእሰ መምህሩ «ሕጉ አይፈቅድም» ያሉት ከራሳቸው አምጥተው አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ እንደሆኑ፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ብዙ ወላጆች እዚህ ላይ ያቆሙና «ልጆቻችንን ፈጣሪ የለሽ ሊያደርጓቸው ነው» ይላሉ። አንቀጽ 27ን ግን አብረው አያነቡትም። የዚህ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 4 ልጆቻችሁን በምታምኑበት ሃይማኖትና ግብረ ገብ የማሳደግ መብት የወላጆችና የሕጋዊ ሞግዚቶች ነው ይላል። ምእመናን የራሳቸውን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም እንደሚችሉም እዚያው ተጽፏል። ስለዚህ ሕጉ ልጅሽን ከሃይማኖት አላራቀብሽም፤ የማሳደጉ መብት ባለቤት አንቺ እንደሆንሽ ነው የጻፈልሽ። አንቺ ደግሞ በስብሰባው ላይ ይህን መብት ለመንግሥት ልታስረክቢ እጅሽን አወጣሽ።

ለመንግሥት ማስረከብ ምን እንደሚያስከትል አገራችን አይታዋለች። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። «አገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» ይባል ነበር፤ የሙስሊሙ በዓል ግን በአገር ደረጃ አይከበርም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች፣ ከእነሱም ጋር ክርስቲያን ወገኖቻቸው፣ በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት ለዚህ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ደርግ መጣ። በእነዚያው ትምህርት ቤቶች፣ በእነዚያው ጥቁር ሰሌዳዎች ላይ ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ተጻፈ። ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስንና የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳን በ1971 ዓ.ም. የገደለው ይኸው መንግሥት ነው። አንድ ጊዜ የልጅን እምነት መቅረጽ የመንግሥት ሥራ ነው ተብሎ ከተለመደ፣ ቀጥሎ የሚመጣው መንግሥት ሥልጣኑን ተዘጋጅቶ ያገኘዋል፤ የሚቀይረው የመጽሐፉን ይዘት ብቻ ነው።

በደርግ አበቃ እንዳትዪኝ። በ2004 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በአወሊያ ትምህርት ቤት ተቀጣጥሎ ወራትን ያስቆጠረው የሙስሊሞች ተቃውሞ ምክንያቱ ምን ነበር? መንግሥት በመጅሊሱ፣ ማለትም በእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱ በኩል አህባሽ የተባለውን አስተምህሮ ሊጭንብን ነው የሚል ነበር። ብዙ ሰው ታሰረ። ጎረቤትሽ ያን ዘመን ያለፈች ሙስሊም ናት፤ «መንግሥት ሃይማኖት ያስተምር» የሚለው ቃል አንቺ ጆሮና እሷ ጆሮ ላይ አንድ ዓይነት ድምፅ የለውም። በእኛም በኩል በጥር 2015 ዓ.ም. በሲኖዶሱ ውስጥ በተፈጠረው መከፋፈል ስንት እንባ እንደፈሰሰ ታስታውሻለሽ። ያኔ የኦርቶዶክስ ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤት ይሰጥ ቢሆን ኖሮ መምህሩን የሚመድበው የቱ ወገን ነው? መጽሐፉንስ ማን አርሞ ያጸድቀዋል? መልሱ የሚመጣው ከትምህርት ቢሮ ነበር፤ ከሊቃውንት ጉባኤ አይደለም።

«እንግዲያው ሁሉም በየራሱ ይማር» የሚሉ አሉ። ይህ የማይናቅ ሐሳብ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የክርስትና፣ የእስልምናና የሂንዱ ሃይማኖት ትምህርት እንደ ማንኛውም ትምህርት ይሰጣል፤ ፈተናም አለው። ጀርመን ውስጥም የሃይማኖት ትምህርት በሕገ መንግሥቱ የታወቀ መደበኛ ትምህርት ነው፤ ወላጅ ልጁን ማስቀረት ይችላል፣ ልጁም በአብዛኞቹ ግዛቶች 14 ዓመት ሲሞላው ራሱ ይወስናል። ስለዚህ ነገሩ በየትም አገር አይሆንም አልልም። አራብሳ ላይ ግን እንዴት እንደሚሆን አስቢው። ደወል ይደወላል። «ኦርቶዶክስ እዚህ፣ ሙስሊም ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ፕሮቴስታንት ወደ አዳራሽ» ይባላል። አንድ ዴስክ ላይ ያሉት ሁለቱ ልጆች በየሳምንቱ በመምህር ትእዛዝ ይለያያሉ። ካቶሊኩ፣ አድቬንቲስቱ፣ የዋቄፈና ተከታዩ ልጅ ግቢ ውስጥ ቆመው ደወል ይጠብቃሉ። አባቱ ሙስሊም እናቱ ክርስቲያን የሆኑ የወሎ ልጅ ወዴት ይሂድ? አባትና እናቱ በፍቅር ያስማሙትን ነገር መምህሩ በጣቱ እየጠቆመ እንዲመርጥ ያደርገዋል። በዚህ ዘመን፣ ሰው በብሔርና በእምነት እየተቧደነ በሚጎዳዳበት ጊዜ፣ ልጆቻችን ሳይለያዩ የሚቀመጡበት የቀረው ቦታ ያ ክፍል ነው። እባክሽ እንዲህ በቀላሉ አንተወው።

የቅድም አያቶቻችን ሃይማኖት እስከ እኛ የደረሰው በመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት አይደለም። ፊደልና ዳዊት ያስቆጠሩት የኔታ፣ ከዚያ ዜማ ቤቱ፣ ቅኔ ቤቱ፣ መጻሕፍት ቤቱ በሕዝቡ ቁራሽ ነው የኖሩት። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ የወሎ ደረሳም እንዲሁ ሕዝቡ ባጎረሰው ነበር ኪታብ የሚቀራው። ነገሥታት መጥተው ሄዱ፣ ደርግም መጥቶ ሄደ፤ የኔታና ሸኹ ግን ቀሩ። የቀሩትም ደመወዛቸውም መጽሐፋቸውም በመንግሥት እጅ ስላልነበረ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ከአንቺ ጋር ነኝ። ትምህርት ቤቶቻችን የልጆቻችንን ጠባይ ችላ ብለውታል። ግብረ ገብ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወደ አንደኛ ደረጃ ተመልሷል፤ ብዙ ቦታ ግን ክፍለ ጊዜ ለጎደለው መምህር ማሟያ ነው የሚሆነው። መምህሩ «ታማኝነት ማለት…» ብሎ ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ፈተና ላይ መልሰው ይጽፉታል፤ በእረፍት ሰዓት ደግሞ የጓደኛቸውን እስክሪብቶ ደብቀው ይስቃሉ። ምናልባት የልጅሽ መምህር ጸሎቱን ያመጣው ይህ ባዶነት አስጨንቆት ይሆናል። በሚቀጥለው ስብሰባ እጅሽን ስታወጪ ይህን ጠይቂ፦ ግብረ ገብን ማን ነው የሚያስተምረው? ልጆች ሲሰዳደቡና ሲደባደቡ ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል? የዋሸ ልጅ እውነቱን ሲናገር ይመሰገናል ወይስ ይገረፋል? ይህን ብትጠይቂ ጎረቤትሽም አብራሽ እጇን ታወጣለች።

ደግሞም ከሃይማኖት ነፃ የሆነ ትምህርት ማለት ሃይማኖት በክፍል ውስጥ አይነሣም ማለት እንዳይመስልሽ። ልጆች በታሪክ ትምህርት ስለ ንጉሥ ኢዛናና ስለ ፍሬምናጦስ፣ ስለ ቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ በ615 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከመካ ተሰደው የመጡትን የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ስለተቀበለው የአክሱም ንጉሥ ስለ ነጃሺ፣ ስለ ላሊበላና ስለ ሐረር ጀጎል ማወቅ አለባቸው። ልጅሽ ጓደኛው ረመዳን ላይ ለምን ውኃ እንደማይጠጣ፣ ጓደኛውም ልጅሽ ረቡዕና ዓርብ ለምን ሥጋ እንደማይበላ መምህራቸው ቢነግራቸው ማንም አይጎዳም። ደቡብ አፍሪካ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ የያዘችው መንገድ ይህን የመሰለ ነው፤ ስለ ሁሉም ሃይማኖቶች ይማራሉ፣ ወደ አንዱ ግን አይመሩም። ለእኛም የሚበጀው ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቤትሽ እንምጣ። ጊዜ የለኝም ብለሻል፣ አምንሻለሁ፤ ሳይነጋ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ ሰው ላይ ሌላ ሸክም መጫን አልፈልግም። ግን ልጅሽ ራሱ «ካልጸለይን» ብሎ ቀስቅሶሻል። ያንን አትልቀቂው። ማታ ስትገቢ ልብስሽን ሳትቀይሪ፣ ስልኩ ሳይከፈት፣ አምስት ደቂቃ አብራችሁ ቁሙ። ያቺ አምስት ደቂቃ ከመምህሩ አርባ ደቂቃ ትበልጣለች፤ ምክንያቱም ደክሟት የምትጸልይ እናት ያያል። እሑድ ተረኛ ካልሆንሽ ቅዳሴ ውሰጂው፤ ተረኛ ከሆንሽም የሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል የሚመላለሱ ልጆች ብሎክሽ ውስጥ አይጠፉምና ከእናቶቻቸው ጋር ተነጋገሪ። የንስሐ አባታችሁን ጥሪና ልጁን ራሳቸው እንዲያናግሩት አድርጊ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አብዛኞቹ አጥቢያዎች ለልጆች ትምህርት ይሰጣሉ፤ ከአሁኑ ጠይቂና አስመዝግቢው። አባቱ ከመንገድ ሲመለስ አንድ ቀን እጁን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ቢያደርሰው ደግሞ ለወንድ ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ለባለቤትሽ በግልጽ ንገሪው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ትምህርቱ በብሎኩ ኮሚናል ውስጥ ይሁን የሚል ሐሳብ ከመጣ አትቀበዪ። ኮሚናሉ ለሁላችሁም ለቅሶና ሠርግ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የሆነው እዚያም መደገም የለበትም።

ከሁሉ በፊት ግን ጎረቤትሽ። ቡና አፍልቼ ልጥራት ብለሽ ይሆናል፤ አትጥሪያት፣ አንቺ ሂጂ። የበደለ ነው የሚሄደው፤ ሳታውቂ ቢሆንም በድለሻታል። ልጆቹ በሌሉበት ሰዓት በሯን አንኳኪ። ስለ ሕግና ስለ ስብሰባው አትጀምሪ። «ያን ቀን ክፍል ውስጥ ልጅሽ ምን ሆኖ ነበር?» ብለሽ ጠይቂያትና እስክትጨርስ አድምጪ። በመሐል «እኔ እኮ ለክፋት አይደለም» እንዳትያት፤ ክፋት እንደሌለብሽ ታውቃለች፣ አብራችሁ ኖራችኋል። ጨርሳ ስትነግርሽ «አላየሁለትም ነበር፣ ይቅር በዪኝ» በያት። ወዲያው ካልለሰለሰች አትከፊ፤ የልጅ ነገር ቶሎ አይሽርም። ልጅሽን እንድትጠብቅልሽ በዚያው ቀን አትለምኛት፤ ለጥቅም የመጣሽ ይመስላታል።

ከዚያ መምህሩን አግኚው። ይህን እሷ ሳትሆን አንቺ አድርጊው። እሷ ብትሄድ «ሙስሊሟ ወላጅ በጸሎቱ ከሰሰችኝ» ተብሎ ይወራል፤ ነገሩ ከመምህሩ አልፎ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይደርሳል፣ ሰፈሩም ለሁለት ይከፈላል። አንቺ የኦርቶዶክስ እናት ሆነሽ፣ ልጅሽ በጸሎቱ ደስ ብሎት የመጣ እናት ሆነሽ፣ ለብቻው «መምህር፣ ስለ ልጆቹ ጠባይ መጨነቅህን አመሰግናለሁ፤ ጸሎቱን ግን ለእኛ ተውልን፣ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ተቸግሯል» ብትዪው ይሰማሻል። ካልሰማሽ ወደ ርእሰ መምህሩ ትሄጃለሽ፤ ያኔም ቢሆን አንቺው ነሽ የምትሄጂው።